ውሃው ምን ይሠራል?

«ውሃው ያጣራዋል።» ጎንደር ውስጥ ስለ ሺሻ ወሬ ከተነሣ ይህችን ቃል ጣል የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። ተማሪው ይላታል፤ ባለባጃጁ ይላታል፤ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው እንኳ ከሰው ሰምቶ ይደግማታል። ለጆሮ የምትጥም አባባል ናት። እኛ አገር ውሃ የማያነጻው ነገር ምን አለ? ጎመን በውሃ ይጸዳል፣ ልብስ በውሃ ይጠራል፣ ደዌም በጸበል ይርቃል። ጭስ በውሃ ውስጥ አልፎ ሲመጣ የነጻ ቢመስል አይፈረድም።

ክርክሩን በአፍ ከመጨረስ ወጥ ቤት ገብቶ ማየት ይቀላል። ትምባሆ አያስፈልግም፤ የቡናው ዕጣን ይበቃል። አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልጉና ከግማሽ በላይ ውሃ ሙሉት። ክዳኑን ሁለት ቦታ ብሱና ሁለት ስትሮ አስገቡ። አንደኛው ወደ ውስጥ ረዘም ብሎ ጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ይጥለቅ፤ ሁለተኛው አጠር ብሎ ውሃውን ሳይነካ ከላይ ይቅር። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ አየር እንዳይገባ የቀለጠ ሻማ አንጠባጥቡበት። አሁን መስኮቱን ክፈቱ፣ ፍሙ ላይ ዕጣን ጣሉ፣ የረጅሙን ስትሮ አፍ እንዳይቀልጥ ከፍሙ ራቅ አድርጋችሁ ጭሱ ላይ ያዙት። ሃይላንዱን ጨመቅ አድርጉ፤ የአጭሩን ስትሮ አፍ በጣት ድፈኑ፤ ከዚያ እጃችሁን አላሉ። የተጨመቀው ፕላስቲክ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ከውሃው በላይ ያለው ባዶ ቦታም እየነጣ ይሄዳል። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። በመጨረሻ አጭሩን ስትሮ ክፈቱና በቀስታ እየጨመቃችሁ አሽትቱት። ዕጣን ነው። ጭሱም አለ፣ ሽታውም አለ።

በእጃችሁ ያደረጋችሁትን አጫሹ በደረቱ ያደርገዋል። ቱቦውን ሲስብ ከውሃው በላይ ያለው አየር ይሳሳል። የውጭው አየር ግን ባለበት ነው፤ የሳሳ ቦታ ሲያገኝ ይገፋል። በፍሙ በኩል፣ በትምባሆው በኩል አልፎ፣ በዘንጉ ቁልቁል ወርዶ፣ ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ አረፋ ሆኖ ብቅ ይላል። አጫሹ ጭሱን የሳበው ይመስለዋል እንጂ ገፊው ጎንደር ላይ የተጫነው አየር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከምጽዋ አየር የሳሳ ነው፤ ጫናው ባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛው ብዙም አይበልጥም። እንዲያም ሆኖ ስምንት ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ አቁሞ የመያዝ አቅም አለው። ሺሻው የሚጠይቀው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ለሳቢው ድካም የለውም። ይህ ድካም ማጣት ኋላ መዘዝ ያመጣል።

ዕቃውን ከላይ ወደ ታች እንፍታው። ከላይ ግርጌው የተበሳሳ የሸክላ ራስ አለ፤ ትምባሆው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ዛሬ በየሺሻ ቤቱ የሚታየው ትምባሆ በሞላሰስና በግሊሰሪን የተለወሰ፣ የፖም ወይም የሚንት ጣዕም የተጨመረበት፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። በላዩ የተበሳሳ ፎይል ይሸፈናል፤ ፎይሉ ላይ ፍም ይደረጋል። ከራሱ ሥር ዘንጉ፣ ከዘንጉ ሥር ውሃ የያዘው ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ አንገት ቱቦው። አንዳንዱ ላይ በትንሽ ኳስ የሚዘጋ መተንፈሻ አለበት፤ ሰውየው በቱቦው ሲነፋ ኳሷ ትነሣና የቆየው ጭስ በዚያ ይወጣል። ሲስብ ግን ተመልሳ ትዘጋለች። ብልሃቱ ይኸው ነው።

ፍሙ ትምባሆውን በቀጥታ አያነደውም። ፎይሉ በመካከል ስላለ ትምባሆው የሚቃጠል ሳይሆን የሚቀቀል ነው ማለት ይቻላል። የሲጋራ ጫፍ ሲሳብ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ በሺሻ ራስ ውስጥ ያለው ትምባሆ ግን በተደረጉት ልኬቶች 450 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። በዚህ ሙቀት ግሊሰሪኑ ይተንና ወዲያው ቀዝቅዞ ወፍራም ነጭ ደመና ይሆናል። ወጣቶቹ ስልክ አውጥተው የሚቀርጹት ያ ደመና አብዛኛው ይህ ነው። ነጭነቱ ስለ ንጽሕናው የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ውሃው። ጭሱ ከውሃው ጋር የሚገናኘው አረፋ ሆኖ ነው፤ አረፋውም ከሥር ተነሥቶ ወለሉ ላይ እስኪፈነዳ የሴኮንድ ስባሪ ያህል ብቻ ይቆያል። ውሃውን የሚነካው የአረፋው ቆዳ ላይ ያለው ጭስ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው በዝናብ መሐል ጃንጥላ ይዞ እንደሚያልፍ ቄስ ሳይረጥብ ይሻገራል። ከሚነካውም ቢሆን ውሃው የሚቀበለው መርጦ ነው። በውሃ በቀላሉ የሚሟሟው ኒኮቲን ከፊሉ እዚያ ይቀራል፤ ቅጥራኑ በአብዛኛው ያልፋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በውሃ የመሟሟት ጠባይ የለውም ማለት ይቻላል፣ እንዳለ ያልፋል። ካጨሱ በኋላ የደፈረሰውን ውሃ እያሳዩ «ይኸው ያስቀረው!» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ያስቀረው ነገር አለ። ያለፈው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ስለሌለ ለማንም አይታይም። በዚያ ላይ ኒኮቲኑ መቀነሱ ራሱ ጣጣ አለው፤ ሱስ ያለበት ሰው የሚፈልገውን መጠን እስኪያገኝ ደጋግሞ ይስባል።

ታዲያ ውሃው ሥራ የለውም? አለው እንጂ። ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋል። ትኩስና ደረቅ ጭስ ጉሮሮ ሲነካ ሰው ያስላል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ይተወዋል፤ ሰውነት «በቃህ» የሚልበት መንገድ ይህ ነው። ውሃው ይህችን ደወል ያጠፋታል። ሲጋራ ያስለው የነበረ ሰው ሺሻ ሳይቆረቁረው በረጅሙ ይስባል፣ ወደ ሳንባው ግርጌ ያወርደዋል። ስለዚህ ውሃው ሳንባን ይጠብቃል ከምንል አጫሹን ያስቀምጣል ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። በዚህ ዕቃ ዙሪያ ያለው ማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ መቀመጥ ነው፤ ጉዳቱም እንዲሁ።

የመቀመጡን መጠን በቁጥር ያሳየው አንድ መሣሪያ ነው። ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኢንጂነር አለን ሺሃዴ፣ የሰዎችን አሳሳብ አስመስሎ ሺሻ የሚስብ ማሽን አሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሥራ ማሽኑ 171 ጊዜ ሳበ፤ እያንዳንዱ ስቦሽ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል፤ በአንዱና በሌላው መካከል 17 ሴኮንድ ያርፋል። ሲደመር ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያንስ ጊዜ፣ ከ90 ሊትር የሚበልጥ ጭስ። አንድ ሲጋራ የሚሰጠው ጭስ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ገደማ መሆኑን አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው ማሳሰቢያ አንድ ጊዜ ሺሻ ላይ መቀመጥ ከአንድ ሲጋራ 100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን የጭስ መጠን ሊያስገባ እንደሚችል የጻፈው እንዲህ ካለው ስሌት ተነሥቶ ነው። ይህ የጭሱ መጠን እንጂ የመርዙ ልክ አይደለም፤ አንድ ሺሻ 200 ሲጋራ ነው ብለው የሚያስፈራሩ ሰዎች ይህችን ልዩነት ቢይዙ ጥሩ ነው። የተጋነነ ማስፈራሪያ አንዴ ከተነቃበት እውነተኛውንም የሚሰማ አይገኝም።

የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነገር ግን ማጋነን አይፈልግም። ማሽኑ በአንድ መቀመጫ 145 ሚሊ ግራም አወጣ፤ ሲጋራ ላይ ይህ ቁጥር አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ገደማ ነው። ከየት መጣ? ትምባሆው ከሆነ የሚቀቀለው ሙቀቱ ዝቅ ብሎ ነው ብለናል። እነሺሃዴ ቀጥለው ባደረጉት ምርመራ መሠረት ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ 90 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከከሰሉ ነው። እንግዲህ «የኔ ትምባሆ የለበትም፣ የፍራፍሬ ብቻ ነው» የሚለው ሰው ከሱሱ ቢያመልጥም ከጋዙ አላመለጠም።

ከሰል ደግሞ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። የክረምት ብርድ በመጣ ቁጥር ከሰል ምድጃ ክፍላቸው አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ጠዋት ያልተነሡ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። ገዳዩ ይኸው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቅም። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ ነገሩ ይብሳል። ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ጫናም ሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ነው። ደገኛው በልምድ ችሎት የሚኖረው እጥረት ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ለማጣት የቀረው ትርፍ ጥቂት ነው። ሺሻ ስበው የተነሡ ልጆች «አዞረኝ፣ ራሴን ያዘኝ» ሲሉ ብዙዎቹ ምርቃና ወይም የትምባሆ ጥንካሬ ነው ይላሉ። ብዙ ጊዜ ከሰል ነው።

ይህን ዕቃ የትናንት የዓረብ አገር መጤ አድርጎ ማየት ተለምዷል። በጌምድር መሬት ሥር የተገኘው ግን ሌላ ይላል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ (የላስታው ላሊበላ አይደለም)። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት በዚያ ቆፍራ ካወጣቻቸው ዕቃዎች መካከል ሁለት የሸክላ ማጨሻ ራሶች ነበሩ፤ የውሃ ማጨሻ ራሶች እንደሆኑም ተገምቷል። የካርቦን 14 ልኬት ዘመናቸውን እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ወዲያ ወይም ወዲህ አደረገው፤ አፄ ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር የወጣው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ስለሆነ በነዚህ ራሶች የተጨሰው ትምባሆ ሊሆን አይችልም። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባለ ተመራማሪ ውስጣቸው የቀረውን ጥላሸት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1975 ውጤቱን ሲያሳትም ያገኘው የካናቢስ ዱካ ነበር። ልኬቱ የተወሰደበት አፈር በእርግጥ የራሶቹ ዘመን አፈር ነው ወይ በሚለው ላይ ምሁራን ተከራክረዋል፤ ክርክሩ የተገባ ነው፣ ሸክላ በአይጥ ጉድጓድም ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ቀኑ ከጸና ግን የውሃ ማጨሻን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በህንድና በፋርስ የሚያስጀምረው የተለመደ ታሪክ በበጌምድር ዋሻ ፊት መልስ ማግኘት አለበት።

የኢትዮጵያ የራሷ የውሃ ማጨሻ ጋያ ነው። ጠርሙሱ ቅል፣ ዘንጉ ሸምበቆ፣ ራሱ ሸክላ፤ ትምባሆው ጓሮ የበቀለ ደረቅ ቅጠል፣ ግሊሰሪንም ፎይልም የማያውቅ። ፊዚክሱ ከላይ ያየነው ነው፤ አንዳች የሚጨመርበት የለም። ከአርሲና ከባሌ እስከ ጉሙዝ ቆላ ድረስ ጋያ የአዛውንት ዕቃ ሆኖ ኖሯል፤ ሴቱም ወንዱም ያጨሰዋል፣ እንግዳም ይጋበዝበታል። የጎንደር ደጋ ክርስቲያን ቤት ግን አልገባም። ለምን አልገባም የሚለው ጥያቄ ከዕቃው ይልቅ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል።

ትምባሆ በደጋው የሃይማኖት መለያ ሆኖ ነው የኖረው። ካህናቱ አወገዙት፤ ቅጠሉ ከመናፍቁ አርዮስ መቃብር የበቀለ ነው የሚል ወግ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን፣ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የጊዜው ተጓዦች ጽፈዋል። ጎንደር ውስጥ መለያየቱ በሰፈርም ተቀርጾ ነበር። በአፄ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ ከቀሃ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረው እስላም ቤት፣ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር መነሻው ይህ ነው። ከምጽዋ እስከ ሱዳን የሚመላለሱት ነጋዴዎች መኖሪያ እሱ ነበር። የምትጠጣው፣ የምትቅመው፣ የምታጨሰው ነገር የየትኛው ሰፈር ሰው መሆንህን ይናገር ነበር።

የሚገርመው ቡናም በዚያው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። የዛሬው ጎንደሬ ያለ ቡና ቀኑ አይነጋለትም፤ ቅድመ አያቱ ግን ክርስቲያን ከነበረ ቡናን የእስላም መጠጥ ብሎ ይጠየፈው ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መጣራቸው ለለውጡ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። ቡና ከሰፈር ወደ ሰፈር ተሻገረ፤ ጋያ ወንዙን ሳይሻገር ቀረ። ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀም አዋቂ ኢትዮጵያዊ 5 ከመቶ ብቻ ነበር፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 ከመቶ። የጤና ባለሙያ ሳይሆን ነውር ያስገኘው ውጤት ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ሺሻ ያንን ነውር በጎን ዞሮ ገባ። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ አዲስ አበባ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። ሲመጣ ሽታው የትምባሆ አልነበረም፤ የፖም ነበር። የአያቱን «ትምባሆ ርኩስ ነው» ሲሰማ ያደገ ልጅ ይህን ከዚያ ጋር ለማገናኘት አፍንጫው አልረዳውም። የገባበትም በር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጫት ቤቱ። ፍራሹ ተነጥፏል፣ ጫማ ወልቋል፣ በርጫው ተጀምሯል፣ ከሰዓት በኋላው ረጅም ነው። እጅና አፍ የሚያስይዝ ነገር ነበር የጎደለው።

እዚህ ላይ ዕቃው ራሱ ሥርዓት ያወጣል። ሲጋራ ቆመው ያጨሱታል፣ እየሄዱ ያጨሱታል፣ አምስት ደቂቃ ነው። ሺሻ ይዞ የሚሄድ የለም። ዕቃው መሬት ላይ ስለሚቆም ሰዎቹ ወደ እሱ ይሰበሰባሉ። ቱቦው አንድ ከሆነ ተራ ይኖራል፤ ተራ ካለ ጠባቂ አለ፤ የሚጠብቅ ሰው ያወራል። ከሰሉ ሲደክም የሚቀይር ይፈለጋል፣ እስኪቀየር ደግሞ አንድ ሌላ ጨዋታ ይነሣል። መጤ ተማሪ ከተማውን የሚለማመድበት፣ ሥራ ያጣ ወጣት ቀኑን የሚያጋምስበት፣ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ምክንያት የሚያገኙበት ቦታ ይሆናል። ይህን ሳያዩ «ልጆቹ ተበላሹ» ብሎ ማለፍ ለወላጅ ይቀላል፤ ልጆቹ ግን የሄዱት ጭስ ፍለጋ ብቻ አይደለም። የሁሉንም አፍ የሚነካው የቱቦ ጫፍም የዚያው አብሮነት ክፍል ነው፤ በየሰው ተቀያሪ ፕላስቲክ ካልተደረገበት የአንዱ ምራቅ ለሌላው ይደርሳል፣ የሳንባ ነቀርሳም በአንድ ቱቦ ሊሻገር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት አስጠንቅቋል።

የቡናውን ሥርዓት አጠገቡ አስቀምጡት። እሱም ከሰል አለው፣ ጭስ አለው፣ ከአቦል እስከ በረካ ሰው የሚያስቀምጥበት ብልሃት አለው። ነገር ግን ቡና ላይ አክስት ትኖራለች፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሕፃን ፈንድሻ ይዘግናል፣ ኩርፊያ ያለባቸው ይታረቃሉ። ሺሻ ቤት ዕድሜው አንድ ነው፤ እዚያ የሚገሥጽ ሽማግሌ የለም፣ ለዚህም ነው የሚወደደው።

ሕጉ በሩን ዘግቶታል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ካጸደቀች በኋላ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስን አገደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ፖሊስ ሺሻ ቤቶችን ፈትሾ ዕቃ ሰብስቦ ሲያቃጥል በዜና ማየት የተለመደ ነው። ዕቃው ይቃጠላል፣ ዘንጉ በሌላ ቀን ሌላ ቤት ይቆማል። ሲያዝ ደግሞ ቀድሞ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ከሰል የምታቀጣጥለው፣ ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ናት፤ ዕቃውን ያስገባው ነጋዴ እምብዛም በዚያ ፍራሽ ላይ አይገኝም።

አዋጁን የምቃወም አይደለሁም። አንድ ያልታሰበ ውጤቱ ግን ከሰል ያውቃል ከሚባል አገር ሰው መሰወር አልነበረበትም። የተከለከለ ነገር በጓሮ ክፍል ይደረጋል። ጓሮ ክፍሉ ጭሱና ሽታው ወደ መንገድ እንዳይወጣ መስኮቱ ይጋረዳል፣ በሩ ይቀረቀራል፣ ከበሩ ሥር ብርድ ልብስ ይጎዘጎዛል። በረንዳ ላይ ቢሆን ነፋስ ይወስደው የነበረው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያው ይጠራቀማል። ሦስት ሺሻ በበራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቱቦ ያልነካው፣ ጫት ብቻ ሊቅም የመጣው ሰው እንኳ የከሰሉን ድርሻ ይወስዳል፤ ከሰል የምትቀይረዋ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ቢይዘው፣ ቢያጥወለውለው፣ ጉልበቱ ቢከዳው ወይም ቢዝለፈለፍ መጀመሪያ የሚደረገው ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ውሃ ማጠጣትም ስኳር ማላስም የሚቀድመው የለም። በንጹሕ አየር ብቻ ከደሙ ውስጥ ግማሹ ጋዝ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በጭንብል ንጹሕ ኦክሲጅን ቢሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ያጥራል። ራሱን የሳተ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ «ይሻለዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጣቱ ላይ የምትደረገዋ የኦክሲጅን መለኪያ 97 ወይም 98 ልታሳይ ትችላለች። መሣሪያዋ የምታየው የደሙን ቅላት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ደምም እንደ ኦክሲጅን ደም ቀይ ስለሆነ መለየት ይሳናታል። ተራ የደም ግፊትና የወባ ምርመራም አያገኘውም። ያመጡት ጓደኞቹ ግን ፖሊስ ፈርተው፣ ቤተሰብ አፍረው «ድንገት ወደቀ» ብለው ይቆማሉ። ለሐኪሙ ሺሻ ቤት ነበርን ማለት የሚከብዳቸው ከሆነ «በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ነበር» ይበሉ። ኦክሲጅኑን ለማስጀመር ያ ይበቃል።